የዶክተር መኪና

«የዶክተር መኪና ናት። ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት፤ ሌላ መንገድ አታውቅም።»

ይህን የሰማሁት በ2013 ዓ.ም፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲዳዳው ነው። ተናጋሪው የመኪና ደላላ፣ ሰሚዎቹ አጎቴና እኔ ነን። የተወራላት መኪና ባለ አንድ ጋቢና ፒክአፕ ናት። እንግዲህ ልብ ያለው ሰው እዚያው ላይ «ዶክተሩ በፒክአፕ ሆስፒታል ምን ይጭንበታል?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። እኔ አልጠየቅሁም። እንዲያውም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ዶክተር የያዘው መኪና ጤነኛ ይሆናል ብዬ ይሆናል፤ እንጃ!

አጎቴ የጫንጮ ሰው ናቸው። ጫንጮን የማያውቃት ካለ፣ ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ የእንጦጦን ዳገት በጎጃም መንገድ ይወጣና፣ ሱሉልታን አልፎ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ ያገኛታል። ብርዷ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ወተቷ ግን የአዲስ አበባን ማኪያቶ ያነጣል፤ ድርቆሿም የከተማውን ላም ይቀልባል። ወደ ደርባ የሚገነጠለው መንገድ ከእሷ ስለሚነሣ ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪና ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። አጎቴም ከገበሬው ወተት እየሰበሰቡ አዲስ አበባ ያስገባሉ። ለዓመታት በሰው መኪና እየከፈሉ ሲጭኑ ኖረው፣ በመጨረሻ ሦስት ላም ሸጠው፣ ዕቁብ አውጥተው፣ የጎደለውን ከወንድሞቻቸው ተበድረው ገንዘብ ቋጠሩና ደወሉልኝ።

«አንተ አዲስ አበባ ያለኸው፣ የተማርከው፣ ጋዜጣ ላይ የምትጽፈው፤ መኪና ፈልግልኝ።»

ጋዜጣ ላይ መጻፍና መኪና መምረጥ ምን ያገናኘዋል? ምንም። ነገር ግን ዘመድ «ታውቃለህ» ሲል «አላውቅም» ማለት በእኛ አገር እንደ ውርደት ስለሚቆጠር፣ እሺ አልኩ።

ደላላው ሃያ ስምንት ዓመት ቢሞላው ነው። ጫማው ያበራል፤ ሦስት ስልክ ይዟል። አጎቴን ገና ሲያያቸው ጎንበስ ብሎ «አባቴ» አላቸው። እኔን «ብራዘር» አለኝ። ከጫንጮ መምጣታቸውን ሲሰማ «የእናቴም አገር እኮ በዚያ በኩል ነው» አለ። መኪናዋ ታጥባ፣ ጎማዋ ጥቁር ተቀብቶ፣ ወንበሯ አዲስ ልብስ ለብሶ ቆማለች። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ 94 ሺህ ይላል። ሞክሯት ተባልን፤ የቀለበት መንገዱን ሜዳ ሜዳውን ይዘን ሄደን ተመለስን። «ሞተሯን ስሟት እስቲ!» አለን። እኛ ግን ከሞተሯ ይልቅ የምንሰማው እሱን ነበር።

አጎቴ አንዴ ብቻ አመነቱ። «ዳገት ላይ ብናያትስ?» አሉ። ደላላው ሳቅ ብሎ፣ «አባቴ፣ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዎች ከአዳማ ይመጡላታል፤ ቀብድ ሊያስይዙ ነው» አላቸው። አጎቴ ወደ እኔ ዞረው «ምን ትላለህ?» አሉኝ። መሪ ጨብጬ የማላውቀው እኔ፣ «ጥሩ ናት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ውሉ ላይ «መኪናዋን ባለችበት ሁኔታ አይቼ፣ ወድጄ ገዛሁ» ተብሎ ተጻፈ። የስም ማዞሪያው እንዳይበዛ ተብሎም የእውነተኛው ዋጋ ግማሽ ብቻ ሰፈረ። ዶክተሩ ውሉ ላይ የሉም። በሻጭ ቦታ የፈረመው ውክልና የያዘ ሌላ ሰው ነው። ደላላው ከሁለታችንም ወገን ሁለት ሁለት በመቶውን ተቀብሎ፣ አጎቴን አቅፎ ስሞ ሄደ።

መኪናዋ የእንጦጦን ዳገት እያማጠች ወጣችው። በሦስተኛው ሳምንት ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ ወተት እንደጫነች፣ ካምቢዮዋ አበቃለት። ሜካኒኩ ሲፈታትሻት ሻንሲዋ ተበይዶ፣ ጎኗ በስቱኮ ተሞልቶ ተገኘ። ደላላው ዘንድ ደወልን። መጀመሪያ «አባቴ፣ ሰው ይዣለሁ፤ መልሼ እደውላለሁ» አለ። ቀጥሎ መጥራት እንጂ ማንሣት ቀረ። ቀጥሎ መጥራቱም ቀረ።

አጎቴ ምንም አላሉኝም። ለመስቀል ጫንጮ ሄጄ፣ ቡና እየተፈላ፣ ወሬ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ እኔ ያንን ልጅ መች አመንኩት? ያመንኩት አንተን ነው።»

ይኼ ጽሑፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለብኝ ዕዳ ነው።

*

«የተዋጣለት ሻጭ ለመሆን» የሚል ሥልጠና በከተማችን እንደ አሸን ፈልቷል። ንዴቴን ይዤ አንደኛው አዳራሽ ገባሁ። ሠልጣኞቹ አብዛኞቹ ዲግሪ ይዘው ሥራ ያጡ ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ መኪና ድለላ ውስጥ ለመግባት የሚያስቡ መሆናቸውን ከአጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ነገረኝ። አሠልጣኙ ከረባቱን አስተካክሎ ጀመረ። ደንበኛህን በስሙ ጥራው። ፈገግታህን አትርሳ። «አይሆንም» የምትለዋን ቃል ከአፍህ አውጥተህ ጣላት። ደንበኛው «ላስብበት» ካለህ አመለጠህ ማለት ነውና፣ ሌላ ገዢ በር ላይ እንደቆመ ንገረው።

እኔ የአዳማዎቹን ሁለት ሰዎች አስታወስኩ። ለካ በሥልጠና የመጡ ኖረዋል!

እጄን አውጥቼ፣ «ካምቢዮው የተበላሸ መሆኑን ባውቅስ?» ስል ጠየቅሁ።

«ደንበኛው ጠይቆሃል?»

«አልጠየቀም።»

«ካልተጠየቅህ አትመልስ!» አለኝና አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ልጆቹ ማስታወሻቸው ላይ ሲጽፉ አየሁ። የደነገጥኩት ያን ጊዜ ነው። ለካ የእኛ ደላላ ወስላታ አልነበረም፤ ጎበዝ ተማሪ ነበር።

ይኸው አሠልጣኝ ደጋግሞ የሚያነሣው ጆ ጂራርድ የሚባል አሜሪካዊ አለ። ሰውዬው በእርግጥም የሚነሣ ነው። ዲትሮይት አካባቢ በአንድ የሸቭሮሌት መሸጫ ተቀጥሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1978 ድረስ 13,001 መኪና ሸጧል። ለድርጅት በጅምላ ሳይሆን ለሰው አንድ በአንድ ነው የሸጠው። በ1973 ብቻ 1,425 ሸጦ በጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አሠልጣኙ ቁጥሩን ሲጠራ አዳራሹ አጨበጨበ። ነገር ግን ጂራርድ ይህን ያህል እንዴት ሸጠ የሚለውን ዘለለው። እኔ ልሙላበት።

ጂራርድ አንድ ቀን ለቀብር ሄዶ፣ ለለቀስተኞች የሚታደለውን የመታሰቢያ ካርድ አየና፣ ስንት እንደሚታተም በምን እንደሚያውቁ ጠየቀ። በልምድ ነው፤ በአማካይ 250 ሰው ይመጣል አሉት። ከዚያ ሰውዬው ቁጭ ብሎ አሰበ። እያንዳንዱ ሰው ሲሞት የሚቀብሩት፣ ሲያገባ የሚያጅቡት 250 ሰዎች ካሉት፣ አንዱን ገዢ ማስቀየም 250 ገዢ ማስቀየም ነው። ከዚያ ወዲያ መኪና ለሸጠለት ሰው ሁሉ በየወሩ የሰላምታ ካርድ ይልክ ጀመር። ሸጦ የሚጠፋ ሳይሆን ሸጦ የሚከተል ሰው ነበር።

እንግዲህ ፍረዱ! ይህን ለመረዳት እኛ አሜሪካ ድረስ መሄድ ነበረብን? እድር ያለን ሕዝቦች! 250 ለቀስተኛ እኮ በእኛ አገር «ምነው ሰው አነሰ?» የሚያሰኝ ነው። ጫንጮ ላይ አንድ ሰው አታልለህ ብትሸጥ፣ እድርተኛው፣ ማኅበርተኛው፣ ዕቁብተኛው፣ የሚስቱ ወገን፣ ወተት የሚያስረክበው ገበሬ ሁሉ እስከ ሙከ ጡሪ ድረስ ስምህን ይዞት ይሄዳል። አጎቴ ላም ሲሸጡ አይቻለሁ። «ይቺ ትራገጣለች፤ በግራ በኩል አትቅረባት። የፊት ጡቷ አንዱ ደርቋል» ብለው ነው የሚጀምሩት። ቅዱስ ስለሆኑ አይመስላችሁ። ገዢውን በሳምንቱ ለቅሶ ቤት ስለሚያገኙት ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ ንፍሮ መቆርጠም አለ።

ደላላው ግን አጎቴን ዳግመኛ ላያገኛቸው እርግጠኛ ነበር። የእውቀቱ ሁሉ መሠረት ይኼ ነው፤ ዳግመኛ አለመገናኘት። እኛም ይህንን «የሽያጭ ክህሎት» ብለን በአዳራሽ እናስተምረዋለን።

*

የአንድ ልጅ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ነገሩ ገበያውን ሁሉ የሚበላ ነቀዝ ስለሆነ ነው። አሜሪካኖች ላይዋ አምሮ ውስጧ የተበላሸ መኪና «ሎሚ» ይሏታል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ «ሎሚ» ገበያ አንዲት አጭር ጽሑፍ አሳተመ። መጀመሪያ ሦስት የታወቁ መጽሔቶች አንቀበልም ብለውት ነበር። በ2001 ግን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰደ።

ነገሩን በእኛ ብር ልንገራችሁ። መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት መኪኖች አሉ እንበል። አንዷ ጤነኛ ናት፤ 1 ሚሊዮን ብር ታወጣለች። ሁለተኛዋ በስቱኮ ተደግፋ የቆመች ናት፤ ከ600 ሺህ አታልፍም። ሻጩ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ስለዚህ ገዢው መሐሉን ይይዝና «800 ሺህ» ይላል። የጤነኛዋ ባለቤት «በ800ማ አልሸጥም» ብሎ ወደ ቤቱ ይነዳታል። የስቱኮዋ ባለቤት እልል ብሎ ይሸጣል። ገዢዎች ሲነቁ ደግሞ ዋጋቸውን ይበልጥ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ያኔ ደህና ደህናው መኪና ጭራሽ ከገበያ ይወጣል። በመጨረሻ ገበያው ላይ የሚቀረው ሎሚ ብቻ ነው።

መኪናውን ትታችሁ ሻጩን አስቡት። እውነቱን የሚናገር ደላላ «ካምቢዮዋ ይንሸራተታል» ሲል፣ ገዢው አመስግኖት ከመሄድ ይልቅ «ይህን ያህል ከነገረኝ ስንት ደብቆኝ ይሆን?» ይላል። ሄዶም «የዶክተር ናት» ካለው ይገዛል። እውነተኛው ልጅ ሁለት ወር ሳይሸጥ ይከርምና፣ ወይ ሥራውን ይተዋል ወይ እሱም ዶክተር ይፈልጋል። የተታለለው ገዢም በተራው ይሸጣታልና፣ ስቱኮዋ ከሰው ወደ ሰው ትተላለፋለች። ትናንት የተበደለው ዛሬ በዳይ ነው።

አሁን አንባቢዬ እንዲህ ብለህ ልታፋጥጠኝ ትችላለህ። «ውሸታም ሻጭ ከሰረ ካልክ፣ ያ ልጅ ዛሬ ዘመናዊ መኪና የሚነዳው፣ አንተ ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ የምትቆመው ለምንድን ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ከልጁ ምላስ ጋር አይገናኝም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጫነ። እዚያው አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና በአንድ ሌሊት ቅርስ ሆነ። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ተሻገረ። እንዲህ ባለ ዘመን መኪና መጓጓዣ መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ መደበቂያ ይሆናል። የተታለልክባት መኪና እንኳ ብትሆን በዓመቱ ከገዛህበት በላይ ታወጣለች። ስለዚህ ማን ይከሳል? ማን ይጮሃል? ዋጋው ሲወጣ ውሸቱንም አብሮ ሸፈነው። ልጁ ጎበዝ ሻጭ መሰለው እንጂ፣ ሲሸጥለት የኖረው የብር መውደቅ ነው። ብር የቆመ ዕለት ማን ሻጭ፣ ማን ምላስ እንደነበረ እንተያያለን።

*

ደላላውን ብቻ ሰቅዬ ብሄድ ግን እኔም ውሸታም እሆናለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ አንድ የመኪና ደላላ አግኝቼ ይህንኑ ስሞግተው እንዲህ አለኝ።

«እኔ መኪናውን አልሠራሁት፤ ያገናኘሁት ብቻ ነኝ። ሻጩ ጉድለቱን ለእኔም አይነግረኝም። ገዢና ሻጭን ካስተዋወቅሁ በኋላ ደግሞ ከጀርባዬ ተነጋግረው ኮሚሽኔን ይበሉኛል። ለአንድ ሽያጭ አሥር ቀን እመላለሳለሁ፤ ዘጠኙ በባዶ ነው። ደሞዝ የለኝም፣ ጡረታ የለኝም። አንተ እውነት ስትጽፍ ጋዜጣው ይከፍልሃል። እኔ እውነት ስናገር ማን ይከፍለኛል?»

መልስ አጣሁለት ብል አታምኑኝም፤ ግን አጣሁለት። ልጁ ልክ ነው። እኛ ደላላን የምንፈልገው እንደ ዶማ ነው፤ ቆፍሮ እንዲያወጣልንና ከዚያ ጥግ እንድናስቀምጠው። ሰውነቱን ያልሰጠነው ሰው ታማኝነትን እንዲሰጠን እንጠብቃለን።

ከዚያ ደግሞ ውሉን አስታውሱ። ግማሹን ዋጋ ማን አጻፈው? አጎቴና እኔም እኮ ፈርመናል። ለመንግሥት የሚከፈለውን ለመቀነስ አራት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበን፣ ዐይን ለዐይን እየተያየን፣ አንድ ውሸት በፊርማ አጸደቅን። ከዚያ በኋላ «ተዋሸን» ብለን ስንጮህ ትንሽ እንኳ አላፈርንም። ፍርድ ቤት እንሂድ ብንልስ? በእጃችን ያለው ወረቀት የሚመሰክረው የግማሹን ዋጋ ነው። ሌባን በሰረቅነው ገመድ ልናስር ፈለግን።

ሕጉ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ፣ «ባለበት ሁኔታ ነው የሸጥኩት» የሚለው ሐረግ አያስጥለውም። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግም ደላላን ሙያ ብሎ ያውቀው ነበር። ሕጉ አለ፤ የጠፋው «ያውቅ ነበር» የምንልበት ማስረጃ ነው። «የዶክተር ናት፣ ሞተሯ አልተነካም፣ ተጋጭታ አታውቅም» የተባለው ሁሉ አየር ላይ ተነግሮ አየር ላይ ቀርቷል። የተጻፈው «አይቼ ወድጄ» ብቻ ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ አጭር ናት፤ ለሻጭም፣ ለደላላም፣ ለገዢም አንዲት ናት። የተናገርከውን ጻፈው።

ሞተሯ አልተነካም ብለሃል? ውሉ ላይ ጻፈው። ተጋጭታ አታውቅም? ጻፈው። ቆጣሪው ያልተነካካ ነው? ጻፈው። ዶክተሩም ካሉ ስማቸውን ጻፈው። የማታውቀውንም «አላውቅም» ብለህ ጻፈው፤ እሱም ክቡር ነው። ከዚያ ስምህንና አድራሻህን አስፍረህ ፈርም። አፍህ የሚያወራውን እጅህ ለመጻፍ ከተንቀጠቀጠ፣ መጀመሪያውኑ መናገር አልነበረብህም። ገዢም ብትሆን ሌላ ብልጠት አያስፈልግህም። ሻጩ ሲያወራ ዝም ብለህ ስማውና፣ ሲጨርስ ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርብለት። ከመቶ ሜካኒክ ይበልጥልሃል። ዋጋውንም እውነተኛውን ጻፍ፤ ቀረጡ ከካምቢዮ አይበልጥም።

ሁለተኛ፣ ዳገቱን አሳይ። አገራችን የገባችው የመጀመሪያዋ መኪና እንዴት እንደመጣች ታስታውሳላችሁ? ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ መንገድ ባልነበረበት በረሃና ተራራ ለወራት ተንገላትቶ፣ በ1900 ዓ.ም አዲስ አበባ ደርሶ ምኒልክ ፊት አቆማት። ንጉሡም ተሳፈሩባት። ሰውዬው «ይህቺ መኪና ዳገት ትወጣለች» ብሎ መማል አላስፈለገውም፤ ወጥታ ነው የመጣችው። ዛሬ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ አስፋልት ተነጥፎ፣ የእኛ ሻጭ እንጦጦን ላለማሳየት የአዳማ ሰዎችን ይጠራብናል! መኪናህ ደህና ከሆነች ወተት ጫንባትና ጫንጮ ድረስ ውጣባት። ገዢው የራሱን ሜካኒክ ይዞ ይምጣ። ይህን ከፈራህ የምትሸጠው መኪና ሳይሆን ጊዜ ነው።

አሁን በኤሌክትሪኩ ዘመን ይኼ ነገር ይብሳል እንጂ አይሻልም። በዶክተር ፋንታ «ነዳጅ ቻው!» መጥቷል። ስክሪኑ በቻይንኛ ይጽፋል፤ ገዢው አያነብ፣ ሻጩ አያነብ። «አንዴ ቻርጅ ካደረግሃት 500 ኪሎ ሜትር ድንቡሽ ትላለች» ይባላል። በየትኛው መንገድ? ስንት ሰው ጭና? በጫንጮ ብርድ ወይስ በፋብሪካው ወረቀት ላይ? የኤሌክትሪክ መኪና ልቧ ባትሪዋ ነው፤ ዋጋዋም ያለው እዚያ ነው። ባትሪ ደግሞ በዕድሜና በአሞላል አቅሙ ይቀንሳል። ስንት እንደቀረው ግን ከውጭ ተመልክቶ የሚያውቅ የለም፤ በመሣሪያ ይለካል። ለክቶ፣ የተለካውን ውሉ ላይ የሚጽፍ ሻጭ ቢገኝ የነገው ባለጸጋ እሱ ነው። ካልተገኘ ግን ስቱኮው ከላሜራ ወደ ባትሪ ተዛወረ ማለት ነው። ላሜራውን ቢያንስ አንኳኩተን እንሰማው ነበር።

ሦስተኛ፣ ሸጠህ አትጥፋ። በወሩ ደውል። «አባቴ፣ መኪናዋ እንዴት ሆነች?» በል። ብልሽት ካለ ሁሉንም ክፈል አልልህም፤ ስልክህን አንሣ። ወጣቶቹ ሠልጣኞች ሆይ፣ አዳራሹ ውስጥ ያልነገሯችሁ ምስጢር ይኼ ብቻ ነው። መኪና መሸጥ ማንም ይሸጣል። የተዋጣለት ሻጭ የሚባለው በሸጠበት መንደር በሁለተኛው ዓመት ቀና ብሎ የሚያልፍ ነው።

*

አጎቴ ያቺን ፒክአፕ አሠሯት። ከሶማሌ ተራ አሮጌ ካምቢዮ ተገዝቶ ገባላት፤ እኔም ከዕዳዬ ጥቂቱን ልክፈል ብዬ ከገንዘቡ አዋጣሁ። እንደምንም ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ወተት አመላለሰች። በ2016 ዓ.ም ሊሸጧት ሲሉ ጠሩኝ። እንድመርጥ አይደለም፤ እንድጽፍ ነው።

ገዢው ድርቆሽ ነጋዴ ነው፤ ከሙከ ጡሪ የመጣ። የአካባቢው ደላላ አጎቴን ወደ ጓሮ ወስዶ፣ «ኦቦ፣ ዝም በሉ፤ ቀለሙ ያስጥላታል፤ እኔ እጨርሰዋለሁ» ሲላቸው ሰምቻለሁ። እሳቸው ተመልሰው መጡና በርጩማው ላይ ተቀመጡ። እኔን «ጻፍ» አሉኝ።

«ካምቢዮዋ ተቀይሯል፤ የተቀየረውም አሮጌ ነው። ሻንሲዋ ከኋላ በኩል ተበይዷል። በቀኝ ጎኗ ስቱኮ አለ። ቆጣሪው የሚለውን አላምነውም። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ትወጣለች፤ በሦስተኛ አትድከም። የዶክተር ናት ተብሎ ነበር፤ ዶክተሩን ግን አላየኋቸውም።»

ሁሉንም ጻፍኩ። የዶክተሩንም ጻፍኩ። ዋጋውንም እውነተኛውን። ገዢው ሰምቶ ዝም አለ። ደላላው ራሱን ያዘ። ሰውዬው ተነሥቶ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት፤ ደርባ መገንጠያ ድረስ ነድቶ ተመለሰና፣ ከተጠየቀው 70 ሺህ ብር አስቀንሶ ገዛት። አጎቴ 70 ሺህ ከሰሩ ማለት ነው። ላገላብጠው አልፈልግም፤ ከስረዋል። ደላላው እስከ ዛሬ ድረስ «ኦቦ ጽሑፍ» እያለ ይቀልድባቸዋል ይባላል።

በዓመቱ ግን ያ ድርቆሽ ነጋዴ አንድ ዘመዱን ይዞ እሳቸው ቤት መጣ። ዘመዱ ጊደር መግዛት ፈልጎ ነው። «ከማን ልግዛ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ጉድለቱን ራሱ የሚናገር አንድ ሰውዬ አውቃለሁ አልኩት» አለ አሉ።

ያ የአዲስ አበባው ልጅ እስካሁን ስንት መኪና ሸጦ ይሆን? ሃምሳ? መቶ? አጎቴ በዕድሜያቸው የሸጡት አንድ መኪና ነው። ይህን ከመጻፌ በፊት ለሁለቱም ደወልኩ። የአጎቴ ስልክ ነው የተነሣው።